ቁጭ በሉ የሚባለው ጉብታ

ከእንቁ ሜዳ መንደር ወደ ጓሳው ሣር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ የጅብራ ተክል የከበበው አንድ ዝቅ ያለ ጉብታ አለ። ስሙ ቁጭ በሉ ነው። ተራራ አይባልም፤ ተራራ ለመባል አይበቃም። ጸበል የለበትም፣ ጦርነት አልተደረገበትም፣ ጻድቅ አልተቀበረበትም። አናቱ ላይ ከተቀመጡበት ብዛት የለሰለሱ ድንጋዮች ብቻ አሉ። ሆኖም ከመንደሩ ሰዎች አንዱ በግ ጠፍቶበት «ቀበሮ በላብኝ» ብሎ አፉን የከፈተ እንደሆነ፣ የሚሰማው ሰው አያጽናናውም፣ አይሟገተውምም፤ በአገጩ ወደዚያ ጉብታ ያመለክተዋል። ባለበጉም እያጉረመረመ ይወጣል፣ ሦስት ጠዋት ይቀመጣል፣ ከዚያ በፊት የማንንም አውሬ ስም አያነሳም። ይህ እንዴት እንደመጣ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ በአንዳንዱ ነገር አይስማሙም፤ ዘርጋው በሚባል የሣር ጠባቂ ዘመን መሆኑን ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ዘርጋው የጓሳው ጠባቂ ነበር። ጓሳው የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነም ሦስት ዓመት ይዘጋል፣ በአራተኛው ይከፈታል፣ ያኔ ለጣሪያው የሚያጭደውም፣ ገመድ የሚገምደውም በተራው ይገባል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ከብቱ የሚተርፈው በዚሁ ሣር ነው። ጠባቂው የሚሾመው በመሐላ ነበርና ዘርጋው በማለ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ጉልበቱ ታሞ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ትዕግስቱ ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ አልቆ ነበር ይባላል።

ትዕግስቱን የጨረሰው ብርዱ አልነበረም። ሰው ነበር።

በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ በግ ይጠፋል። በየዓመቱ አንዱ መጥቶ ደጁ ላይ ይቆምና «ቀበሮህ በላችብኝ» ይለዋል። ቀበሮህ! እሱ የወለዳት ይመስል። ዘርጋውም በየዓመቱ ያንኑ ነገር ይደግማል። ተኩላ በመንጋ ነው የሚመጣው፣ ከመጣም አንድ በግ ይዞ አይሄድም፣ በረቱን ሙሉ ዘርሮ ነው የሚሄድ፤ ግራጫዋ ቀበሮ፣ ማታ ማታ የምትጮኸዋ፣ ከቆላው አፋፍ ወደዚህ ብርድ አትወጣም፤ ይቺ ቀይዋ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ እግሯ ቀጭን፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር የሆነችው፣ ብቻዋን የምትዞረው ፍልፈል ልታድን ነው። ሰዎቹም በትሕትና ያዳምጡትና «እሺ፣ ብቻ ቀበሮህን ያዝልን» ብለው ይሄዳሉ።

ያን ዓመት ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሁዳዴ ከገባ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አሥራ አንድ በግ ጠፋ። አምስቱ የእመት አልጋነሽ ነበሩ። እመት አልጋነሽ ባሏ የሞተባት፣ ሱፍ ፈትላ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ እያሠራች የምትኖር፣ ምላሷ ከእንዝርቷ የፈጠነ ሴት ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ሲሰበሰብ፣ ከሁሉም ይልቅ ብዙ በግ የነበራቸው ግራዝማች ወሰንየለህ ተነሥተው ጓሳው ይቃጠል አሉ።

«መኖሪያዋን ካጣች አገር ትለቃለች» አሉ። «ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። በግ ግን ከመሬት አይበቅልም።»

ዘርጋው ጆሮውን አላመነም። ዙሪያውን ቢያይ ሰው ሁሉ በአዎንታ አንገቱን ይነቀንቃል። በሽምግልና ዕድሜ የደረሱ፣ በዚያው ሣር ቤታቸውን የከደኑ፣ በክፉው ዓመት በዚያው ሣር በሬያቸውን ያተረፉ ሰዎች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

እየተቆጣ የመንደሩን በግ በሙሉ የሚጠብቀውን ድልነሳን ጠራው። ድልነሳ በቅጥር የሚሠራ፣ እንቅልፍ የሚወድ ጎልማሳ ነበር።

«ስትበላ አይተሃታል?»

«ስትበላማ ማን ያያታል፣ አያ ዘርጋው? በበጎቹ መሀል ስትሄድ ነው የማያት። ከዚያ ማታ ስቆጥር አንዱ የለም።»

«ውሾቹስ የት ሄደው?»

«ውሾቹማ አሉ! ያንተው ውሻ አይዞኝ ራሱ አለ። ድፍረቷን እይልኝ፣ ውሻ ቆሞ እያየ!»

ሰው ሁሉ በቀበሮዋ ድፍረት ተገረመ። ዘርጋው ያን ጊዜ ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ፣ ከጓሳው የለቀመውን የደረቀ የቀበሮ ዓይነ ምድር በድንጋይ ላይ ሰባበረና የፍልፈል ጠጉርና ቢጫ ጥርስ እያወጣ ያሳያቸው ጀመር። የበግ ጠጉር አንዲት ዘለላ እንኳ አልነበረበትም።

«አያ ዘርጋው» አለች እመት አልጋነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እየያዘች፣ «እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቀበሮ አር ቋጥረህ መጣህ?»

የሳቁ ነገር አይነሳ። ምስክሩ ሁሉ በዚያ ሳቅ ተበተነበት።

«ሳቂ» አላት። «ክረምት ሲገባ ጣሪያሽን በምን እንደምትከድኚው አያለሁ።»

«በጎቼ ካለቁስ ምን ልፈትል ነው? ሣርህን?»

እንደሚነገረው፣ ዘርጋው ከዚያ በኋላ የጮኸው ከቁጣ ይልቅ ከመሰልቸት ነበር። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስነግራችሁ ኖርኩ! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ሄዶ ቁጭ ብሎ ያየ የለም! ሦስት ጠዋት ስጡኝ። አብራችሁኝ ቁጭ በሉ። ከዚያ በበግ ላይ አፏን ስትከፍት ካያችኋት፣ ሐሙስ ዕለት እሳቱን እኔው በእጄ እለኩሰዋለሁ።»

ግራዝማችም በዚህ ተስማሙ። የጠባቂው እጅ የለኮሰው እሳት ከሆነ ማንም ተወቃሽ አይሆንምና።

እዚህ ላይ ስለ ውሾቹ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹም እዚህ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ያፍራሉ። የእንቁ ሜዳ ሰው በጾሙ ይኮራ ነበር። ቅበላ ዕለት የመጨረሻው አጥንት ለውሻ ይጣላል፤ ከዚያ እስከ ትንሣኤ በመንደሩ ሥጋም አጥንትም የለም። ሰው ራሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ስለሚውል፣ የሚበላውም ጥቂት ስለሆነ፣ ከገበታ የሚተርፍ ፍርፋሪ አይኖርም። ውሾቹ ባዶ ቤት እያዩ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ሰዎቹም ገበያ ወርደው ከሌላ መንደር ሰው ጋር ሲገናኙ «የኛ አገር ውሻ እንኳ ሁዳዴን ይጾማል» ይሉ ነበር። ከሁሉም ይልቅ በዚህ የሚመካው ደግሞ ዘርጋው ነበር። ውሻው አይዞኝ ደረተ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ከበግ ግልገሎች ጋር አንድ በረት ውስጥ ያደገ ነበር፤ የሌላው ሰው ውሻ በጾም የጎን አጥንቱ ሲቆጠር፣ አይዞኝ ጠጉሩ ያብረቀርቅ ነበር። «ጾም የሚስማማው ፍጥረት» ይለው ነበር ዘርጋው፣ ጆሮውን እያሻሸ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስምንት ወንዶችና እመት አልጋነሽ ጉብታው ላይ ወጡ። እንዝርቷን ይዛ ነበር የመጣችው። «ስራ ፈት ሆኜ የምቀመጥ መስሎሃል?» አለችው።

ብርዱ አጥንት ይገባል። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ውርጭ ውስጥ፣ ድንጋይ የመሰላቸው ነገር ተነሣና ራሱን አራገፈ። ሌላም ተነሣ። ስድስት ቀበሮ፣ ጭራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቅልለው ሜዳ ላይ ያደሩ፣ እየተንጠራሩ ተሰበሰቡ፤ አንዱ የሌላውን አፍ እየላሰ፣ እየተሻሸ፣ ትንንሾቹ በታላላቆቹ ሥር እየተንከባለሉ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ሁሉም በአንድ መስመር የወሰናቸውን ዳር ዳር እየዞሩ፣ በየጉቶው ሽንታቸውን እየጣሉ ሄዱ።

«ወሰን እየጠበቁ ነው» አለ ዘርጋው በሹክሹክታ። «እንደ እኔ።»

ግራዝማች ሊያዩ ተነሡ።

«ቁጭ በሉ!»

ድልነሳ በጎቹን ከታች አሰማርቶ ሲወጣ፣ ቀበሮዎቹ ተበታትነው ነበር። አንዷ፣ ሴቲቱ፣ ወደ በጎቹ መጣች። ቀበሮዋ በመንጋው መሀል ገባች፤ በጎቹ ሣር ሲነጩ አንገታቸውን እንኳ ቀና አላደረጉም። በመሀላቸው በቀስታ እየተራመደች፣ የነሱን ኮቴ ለኮቴዋ መሸፈኛ እያደረገች፣ አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች። ጆሮዋን ወደ መሬት አዘነበለች። ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ተሳበች፣ ዘለለች፣ ጭንቅላቷን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረች፤ ስታወጣው አፏ ውስጥ የወፈረ ፍልፈል ይንፈራገጥ ነበር። አንድ በግ ረግጧት አለፈ። ዞር ብላም አላየችው።

ዘርጋው ወደ ሰዎቹ ዞረ። ፊቱ የፋሲካን ያህል በርቶ ነበር።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አይታናለች» አሉ። «ሰው ስላለ ነው ጨዋ የሆነችው።»

ሌሎቹም «እውነት ነው፣ አይታናለች» አሉ።

ዘርጋው በዚያች ቅጽበት መሐላውን ጥሎ ቆላ ወርዶ ንብ ሊያነብ አስቦ ነበር የሚሉ አሉ።

ማክሰኞ ጉም ወረደ። የራስን እጅ ማየት አልተቻለም። ዘጠኙም ጋቢና በርኖሳቸውን ተከናንበው፣ ጉሙ ውስጥ እያሳሉ፣ ተነሥተው እግራቸውን ሊያፍታቱ ሲሉ ዘርጋው «ቁጭ በሉ!» እያለ፣ «ምን ልናይ ነው የምንቀመጠው?» እያሉት፣ እሱም ምን እንደሚያዩ ሳያውቅ «ቁጭ በሉ!» እያለ እስከ ቀትር ቆዩ። ድልነሳ አንቀላፋ። ጉሙ ሲነሣ በጎቹ ተቆጠሩ። አንድ ጎደለ። የእመት አልጋነሽ ነበረች፣ ስድስተኛዋ፣ ሱፏ ከሁሉ ረጅሙ የነበረ እናት በግ።

እመት አልጋነሽ ያን ጊዜ አላላገጠችም። እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሻጠችና «ሐሙስ ችቦውን እኔ አመጣልሃለሁ» አለችው። ዘርጋው ወደ ቤቱ ሲወርድ አይዞኝ በመንገድ ላይ ጭራውን እየቆላ ተቀበለው። በዚያች ቀን ያላፌዘበት ፍጥረት እሱ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ሰማዩ የጠራ ነበር። ሰዎቹ መጡ፤ ሐሙስ የሚሆነውን ስለወሰኑ ተረጋግተው ነበር የመጡት። ተቀመጡ። ቀበሮዋ ከሩቅ ተረተሩ ላይ ጉድጓድ ስትምስ ትታያለች። በጎቹ ከጓሳው ጥግ ሣር ይነጫሉ። ረፋድ ላይ ከመንደሩ በኩል አንድ ቡናማ ነገር ዱብ ዱብ እያለ መጣ።

«አይዞኝ ነው» አለ ዘርጋው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ለስላሳ ቃል። «እዩት፣ ማንም ሳያዘው ሊጠብቅ ሲመጣ።»

አይዞኝ በጎቹ መሀል ገባ። በጎቹ አልሸሹትም፤ አብሯቸው አድጓል። በመንጋው ዳር ያለችውን አንዲት ጠቦት በአፍንጫው ጎሸም አደረጋት። ራመድ አለች። ደግሞ ጎሸም አደረጋት። እንደ ጥሩ እረኛ፣ ሳይጮህ፣ ሳያስደነግጥ፣ ከመንጋው እየለየ ወደ ረጅሙ ሣር ነዳት። ሣሩ ውስጥ ሦስት ውሾች ተኝተው ይጠብቁት ነበር። ሁለቱ የግራዝማች፣ አንደኛው የድልነሳ ነበሩ።

አራቱም ጠቦቷን ጥለው ይበሏት ጀመር። ዘርጋው ሳያውቀው ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፣ አያ ዘርጋው» አለችው እመት አልጋነሽ። «ገና አልጨረሰም።»

ተቀመጠ። እስኪጨርስም አየ። የጉብታው ስም በዘርጋው ጩኸት ሳይሆን በዚህች በእመት አልጋነሽ ቃል ነው የወጣው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሊሆን ይችላል።

በዚያ ዘመን የነበረው ሕግ ግልጽ ነበር። በግ የበላ ውሻ በድንጋይ ይገደላል፣ መጀመሪያ የሚወረውረው ባለቤቱ ነው። ከጉብታው ሲወርዱ አይዞኝ ጌታውን አይቶ፣ አፉ በደም እንደራሰ፣ ጭራውን እየቆላ መጣ። ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ። ግራዝማች ውሾቻቸውን እንዳላወቀ ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ።

«ቆይ» አለች እመት አልጋነሽ። «መጨረሻ ያበላኸው መቼ ነው?»

«ማንን?»

«ውሻህን ነዋ! ግራዝማችን አልጠየቅኩህ።»

ዘርጋው አሰበ። «ቅበላ ዕለት» አለ። «አጥንት ሰጥቼዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ጾም ነው።»

«የማን ጾም?»

ነገሩ ወደ ሁሉም ደጅ ሲሄድ በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። በየዓመቱ በጉ የሚጠፋው ሁዳዴ ሲገባ ነበር፤ ቀበሮዋ ግን በመስከረምም በሰኔም እዚያው ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ብላችሁ እዩ ሲል የኖረው ዘርጋው፣ የገዛ ውሻው በጾም ለምን እንደሚወፍር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አላየም።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ ፍርዱም የኔ ነው» አለች እመት አልጋነሽ በመጨረሻ። «ድንጋዩን ጣል። ገድለህልኝ ምን ላደርገው ነው? ለሚመጣው ሁዳዴ ሌላ ቡችላ ታሳድግና እሱንም ታስጾመዋለህ፤ እኔም ደግሞ እዚህ ብርድ ላይ ልቀመጥልህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤን ቆረጥከኝ! ውሾቹ እስከ ፋሲካ ይታሰሩ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ቁራሽ ለውሻ ነው፤ ከቄስም በፊት፣ ከግራዝማችም በፊት። ውሻው ሳይበላ የበላ፣ በግ ቢጠፋ ሌባው እሱ ራሱ ነው።»

ዘርጋው ድንጋዩን ጣለ። ከራሱ በጎች ነድቶ ለእመት አልጋነሽ ሰጣት፤ የግራዝማችም ቤት ሌላውን ከፈለ፣ ግራዝማች ግን በእጃቸው ነድተው አላመጡም፣ ሰው ላኩ። አይዞኝ በግ ቀምሷልና ከፋሲካም በኋላ አልተፈታም። በገመድ እንደታሰረ አረጀ፤ ገመዱንም ከጓሳው ሣር የገመደው ዘርጋው ነበር ይባላል።

ስለ እሳቱ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ዘርጋው ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ እሳት ከመጣ ሊያጠፋ፣ ውኃ የሞላ ቅልና ለምለም ቅርንጫፍ ይዞ ከጓሳው ዳር ቆመ። ቀኑን ሙሉ ቆመ። የመጣ የለም። «ተሳስተን ነበር» ያለው የለም፣ «ቀርቷል» ብሎ የላከበትም የለም። ማታ ጉልበቱን እየጎተተ ሲመለስ ግራዝማችን መንገድ ላይ አገኛቸውና «ምነው ዛሬ ፊትህ ጠቆረ፣ ዘርጋው?» አሉት።

ጓሳው ዛሬም አለ። ሦስት ዓመት ይዘጋል፣ በአራተኛው ይከፈታል። ቀዮቹ ቀበሮዎች ዛሬም ማለዳ ከውርጭ ውስጥ ተነሥተው ይላላሳሉ፣ ወሰናቸውን ይዞራሉ፣ ከዚያ ለየብቻቸው ፍልፈል ፍለጋ ይበታተናሉ፤ ከዚያ ሁሉ ስም ማጥፋት በኋላ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም፣ የጠበቁም አይመስሉም። በሁዳዴ ወደ እንቁ ሜዳ የሄደ እንግዳ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያየው ነገር ይገርመዋል። ቤተሰቡ እጁን ታጥቦ፣ ገበታው ቀርቦ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ተቀምጦ ሳለ፣ የቤቱ እመቤት የመጀመሪያውን እንጀራ ቆርሳ በሽሮ አጥቅሳ ወደ ደጅ ትወጣለች። ውሻው አንዳንዴ ይዘገያል። አንዳንዴ ጭራሽ ሠፈር ሲዞር ይገኛል፤ ስሙ እየተጠራ፣ እየተሰደበ ይፈለጋል። ውስጥ ያሉት እየተቁነጠነጡ በበሩ በኩል ይጠይቃሉ።

«በላ?»

«ገና ነው! እያሸተተ ነው።»

ይጠብቃሉ። ወጡ ይቀዘቅዛል።

«አሁንስ?»

«በላ» ትላለች፤ ያኔ ይቆረሳል።